አሮጌ መልቲሚዲያ ላፕቶፕ ማስነሳት፦ ከማድረቅ እስከ ሠርግ ዲቪዲ

ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። "ቁምሳጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ላፕቶፕ አለኝ። ጥሩ ስፒከር አለው፣ ዲቪዲ ያጫውታል፣ ቲቪ ላይ ይሰካል። ፎርማት ላድርገው?" አንዳንዱ ደግሞ ፎርማት አድርጎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀው።

ፎርማት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሥራ ነው። መጀመሪያ እርጥበት፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ቀጥሎ ፋይል፣ ከዚያ ሙቀትና ዲስክ፣ በመጨረሻ ሶፍትዌር። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ወይ የቤተሰብ ፎቶ ይጠፋል፣ ወይ ማዘርቦርድ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ይቃጠላል።

የማወራው በግምት ከ2008 እስከ 2012 ስለተሠሩት ነው። ኤችፒ ፓቪሊዮን፣ ቶሺባ ሳተላይት፣ ኤሰር አስፓየር፣ ዴል ኢንስፓይሮን የመሳሰሉት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዷቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ትንሽ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ
- አዲስ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ
- አልኮልና ጥጥ (ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ይሠራል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግን በደንብ መድረቅ አለበት)
- ቴርማል ፔስት (የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት)፣ ትንሿ ቱቦ ትበቃለች
- ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ
- 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (ሃርድ ዲስኩን የሚተካ ፈጣን ዲስክ)፣ 240 ወይም 256 ጊጋ
- ቢያንስ 8 ጊጋ የሚይዝ ፍላሽ
- ፋይል ማውጫ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ
- ስታቢላይዘር

ሁሉንም ባንዴ አትግዙ። እስከ ደረጃ 4 ድረስ የሚያስፈልጉት ስታቢላይዘሩና ኤክስተርናሉ ብቻ ናቸው። ማሽኑ መነሳቱን ሳታዩ ኤስኤስዲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃ 1፦ አድርቁት

ጅማ ላይ ይህ ደረጃ አይዘለልም። ዝናባችን ረጅም ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ጫማ እንኳ ይሻግታል፤ ላፕቶፑም እንደዚያው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለ እርጥበት ኤሌክትሪክ ሳይኖር ብዙም አይጎዳም። ቻርጀር ስትሰኩ ግን ሁለት መገናኘት የሌለባቸውን መስመሮች ያገናኛል። "ስሰካው ጠስ ብሎ ቀረ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቻርጀሩን ሳትሰኩ ባትሪውን አውጡ። በእነዚህ ሞዴሎች አብዛኛው ከታች ሁለት መክፈቻ አለው፣ ሸርተት አድርጋችሁ ታወጡታላችሁ። ክዳኑን ክፈቱና ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ቀን ያህል ተዉት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡ እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ካሏችሁ ከማሽኑ ጋር ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ መቋጠርም ይቻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ስክሪኑም ይበላሻል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ይቅር፤ ዱቄቱ ፋኑ ውስጥ ይገባል።

ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና እዩት። ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ መልሳችሁ አታስገቡት። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ሊቲየም ስለሆነ ይቀጣጠላል። ላፕቶፑ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ቻርጀሩን አንብቡ

ጃኩ ገባ ማለት ቻርጀሩ የሱ ነው ማለት አይደለም። በላፕቶፑ ሆድ ላይና በቻርጀሩ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አስተያዩ። ቮልቱ መመሳሰል አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ቮልት ሲባዛ በአምፔር ዋት ይሰጣችኋል፤ 19 ቮልት በ4.74 አምፔር 90 ዋት ገደማ ነው፣ 19 በ3.42 ደግሞ 65 ዋት።

ለምን ይጠቅማል? መልቲሚዲያ የሚባሉት ብዙ ጊዜ የተለየ የግራፊክስ ቺፕ ስላላቸው 90 ዋት ይፈልጋሉ። በ65 ዋት ይነሱ ይሆናል። ቪዲዮ ስትከፍቱ ግን ይንቀራፈፋሉ ወይም ይጠፋሉ፣ ቻርጀሩም ይግላል። ኤችፒ ላይ ጃኩ መሃል ቀጭን መርፌ አለች። መረጃ የምታስተላልፈው እሷ ናት፤ ከተሰበረች ማሽኑ ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም።

ከዚያ በስታቢላይዘር ሰኩት። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። አደጋው ያለው መብራቱ በሚመለስባት ቅጽበት ነው፤ ቮልቱ ያኔ ነው የሚዋዥቀው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በፈረንጆች አስተካክሉ

አብሩት። ማሽኑ ቀኑን ረስቶት ከተነሳ የሰዓቷ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። እሷ ሲአር 2032 ናት፤ ደረጃ 5 ላይ ስትከፍቱት ትቀይሯታላችሁ። ለጊዜው ቀኑን በእጅ ሙሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላል። 2018 ብላችሁ ከጻፋችሁ ማሽኑ በፈረንጆች 2018 ላይ ያለ ይመስለዋል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፍኬት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ማሽኑ "ይህ ገና አልተጀመረም" ብሎ ገጹን ይዘጋል። ጂሜይል እምቢ፣ ባንክ እምቢ፣ ዩቲዩብ እምቢ። ሰውየው ኢንተርኔቱን ይራገማል፣ ጥፋቱ የቀኑ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ለማሽኑ 9 ነው። የሰዓት ቀጠና ሲጠይቃችሁ ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ላይ አዲስ አበባ ራሷ አለች።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን አውጡ

ማሽኑ ከተነሳ ሌላ ምንም ሳትነኩ ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ኤክስተርናል ገልብጡ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ነው። ዓመታት ቆሞ ሲነሳ የመጨረሻ ጉዞው ሊሆን ይችላል። "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ በጣም አስፈላጊውን ብቻ መጀመሪያ ውሰዱ፤ ፊልምና ዘፈን ይቆይ።

ከዴስክቶፑና ከማይ ዶክመንትስ ሌላ ዲ የሚባለውን ክፍል እዩ። ብዙ ባለሙያ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚሰጠው፣ ሰውም ዕቃውን እዚያ ያስቀምጣል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ ፎንት። በቪዡዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤና ጥናት ካለ ጽሑፉ የተቀመጠው በላቲን ምልክቶች ቦታ ነው። ፎንቱ ከሌለ አማርኛው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ገልብጡ። ከፎርማት በኋላ ፎንቱን ፍለጋ ከመንከራተት ይሻላል።

ቀድታችሁ ስትጨርሱ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዩ። "ኮሽን" ወይም "ባድ" ካለ ዲስኩ መቀየር አለበት። በላዩ ላይ ዊንዶውስ መጫን ውሃ በወንፊት ነው።

ደረጃ 5፦ አቧራውን አውጡ

የሚግል ማሽን ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በጣም ሲግል ይጠፋል። "ፊልም መሃል ላይ ድርግም ይላል" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን አቧራ ነው። በተለይ ቡና በሚፈላበት ክፍል የቆየ ላፕቶፕ የከሰል አመዱን ሁሉ ስቦ ፋኑ ውስጥ አጭቆ ይዞታል።

አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ። የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የታችኛውን ክዳን ስትከፍቱ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ አስቀምጡ፣ ቁመታቸው ይለያያል። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ላይ ካሰራችሁት ኪቦርዱን ይበሳል።

ፋኑን በጣት ያዙትና በብሩሽ ጥረጉ። ሳይያዝ በአየር ከተነፋ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ይጎዳል። ፋኑ አየር የሚያስወጣበት የብረት ክፍተት ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ታገኛላችሁ፤ ዋናው ጠላት እሱ ነው። በአፍ አትንፉ፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ቴርማል ፔስቱ ከደረቀ በአልኮል አጽድታችሁ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠብታ ቺፑ መሃል ላይ አድርጉ። ማብዛት አይጠቅምም። አንዳንድ ሞዴል ፋኑ ጋ ለመድረስ ኪቦርዱን፣ አልፎም ማዘርቦርዱን ማውጣት ይጠይቃል። ያንን ካልለመዳችሁ ለባለሙያ ስጡ፤ የስክሪኑ ቀጭን ገመድ በቀላሉ ይበጠሳል።

ደረጃ 6፦ ኤስኤስዲ፣ ከዚያ ራም

ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ካላችሁ ኤስኤስዲ ግዙ። ማሽኑ የሚንቀራፈፈው በአብዛኛው ሃርድ ዲስኩ ፋይል ፈልጎ እስኪያገኝ ስለሚያስጠብቅ ነው። 2.5 ኢንች ሳታ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ የሆነው አዲሱ ዓይነት እዚህ አይገባም። ኤስኤስዲው ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቀጠን ስለሚል በአሮጌው ፍሬም ላይ በብሎን እሰሩት።

ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የሚባሉት ዓይነቶች አይተካኩም። መሃላቸው ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ይለያል፣ በግድ ከተጫነ ማስገቢያው ይሰበራል። ያለውን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ። ጅማ ላይ ካጣችሁት አዲስ አበባ ላለ ሰው ያንን ፎቶ ላኩለት። "የላፕቶፕ ራም" ብቻ ካላችሁት የማይገባ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ሲስተሙን ምረጡና ጫኑ

ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 ጀምሮ የደህንነት ጥገና አያገኝም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በፈረንጆች ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚፈልግ እነዚህን ማሽኖች በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው የምመክረው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለው እትም። 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሳል፣ 4 ላይ ይመቻል። የግድ የሚያስፈልጋችሁ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካለ፣ ለምሳሌ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ዊንዶውስ 10ን ጫኑና የባንክ ሥራችሁን ከሱ ላይ አርቁ። ዊንዶውስ 7 ለፊልምና ለሙዚቃ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት።

የሚንት መጫኛ ፋይል ከ2 ጊጋ በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፓርቲሽን ስኪም ሲጠይቃችሁ ኤምቢአር በሉ፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚያውቁት እሱን ነው።

ፍላሹን ሰክታችሁ አብሩ፣ ወዲያው ከፍላሹ የሚያስነሳውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9፤ ዴልና ቶሺባ ኤፍ 12፤ ኤሰርም ኤፍ 12፣ እሱ ግን መጀመሪያ በኤፍ 2 ገብታችሁ እንዲፈቅድ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። በዚህ ተጠቀሙበት። ድምፁን ሞክሩ፣ ካሜራውን ሞክሩ፣ ዋይፋዩን ሞክሩ። ሁሉም ከሠራ ብቻ "ጫን" በሉት። ዋይፋዩ ብቻ ካልታየ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ኢንተርኔቱን በገመድ አጋሩት፤ ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አውርዶ ያስተካክላል።

ደረጃ 8፦ ኢንተርኔትና አማርኛ

አዲስ ስልክ ያለው ሰው "ላፕቶፑ ሆትስፖቴን አያይም" ይላል። ብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው። አዲስ ስልክ ደግሞ ሆትስፖቱን በ5 ሊለቅ ይችላል። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባንዱን ወደ 2.4 ቀይሩ። ምንም ዋይፋይ ካላየ ጎኑ ላይ ወይም ከኪቦርዱ በላይ ማጥፊያ አለው፤ ብርቱካናማ መብራት ካሳየ ተዘግቷል። ዊንዶውስ 10 ከጫናችሁ ሆትስፖቱን "ሚተርድ" (ዳታው የተወሰነ ነው የሚል ምርጫ) አድርጉት፤ አለበለዚያ አፕዴቱ ፓኬጃችሁን በአንድ ማታ ይጨርሰዋል።

አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ 10 ላይ ቋንቋ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን መጨመር ይበቃል። ሚንት ላይ አይባስ የሚባለውን የጽሑፍ ማስገቢያ ጭናችሁ አማርኛ ሴራን ምረጡ። ድምፁን በላቲን ስትነኩ ፊደሉ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ቪዲዮና ቲቪ

ቪኤልሲን ጫኑ፣ ሌላ ማጫወቻ አያስፈልግም። የእነዚህ ላፕቶፖች ግራፊክስ ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ራሱ ያጫውታል። ኤች 265፣ ቪፒ 9 እና ኤቪ 1ን ግን አያውቅም፤ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በአዲስ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ላይ ኤች 264 ኢፋይ የምትባል የብራውዘር ተጨማሪ ብትጭኑ ልዩነቱን ወዲያው ታያላችሁ። ጥራቱንም 720 ወይም 480 አድርጉ። የብዙዎቹ ስክሪን ቁመት 768 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ከ720 በላይ ፓኬጅ መጨረስ ነው።

ቲቪ ላይ በኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን አንድ ላይ ተጫኑ። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ከቀረ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኤችዲኤምአይን ምረጡ። ሰማያዊው ቪጂኤ ድምፅ አይዝም፤ ከኤርፎኑ ቀዳዳ ሌላ ገመድ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 10፦ የሠርግ ዲቪዲ

ለዚህ ሲሉ ብቻ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያስነሱ አሉ፣ ትክክልም ናቸው። አብዛኞቹ አዲስ ማሽኖች የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። በቤት ማሽን የተቀረጹ ዲቪዲዎች ደግሞ ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛሉ፤ መረጃውን የያዘው ቀለም ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ይጎዳዋል። ስለዚህ ከማየታችሁ በፊት ገልብጡት።

ዲስኩን በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት። በክብ አትጥረጉ፤ በክብ የሄደ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። ሻጋታ ካለው ጨርቁን ትንሽ በውሃ አርጥቡ፣ አድርቁትና አስገቡ። ዲቪዲ ከሆነ ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ገልብጡ፣ ሙሉ ዲስክ 4.7 ጊጋ ድረስ ይይዛል። ቪሲዲ ከሆነ ኤምፔግ ኤቪ ውስጥ ዳት የሚል ፋይል አለ፤ እሱን ገልብጡት፣ ቪኤልሲ ያጫውተዋል።

መሃል ላይ ቆሞ የሲአርሲ ስህተት (ዲስኩ አልተነበበም ማለት ነው) ካለ ዲስኩን መልሳችሁ ጥረጉና ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ሌላ ላፕቶፕ ወይም የቲቪ ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ ሞክሩት። አንዱ ያላነበበውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። ወደ ኤምፒ 4 መቀየሩን እዚህ ማሽን ላይ አትሞክሩ፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ ያግለዋል። ኮፒውን አዲስ ኮምፒውተር ላለው ሰው ስጡት።

ዲስኩ አልወጣ ካለ አጥፉና የማስገቢያው ፊት ላይ ያለችውን ጥቃቅን ቀዳዳ በወረቀት መያዣ ሽቦ ግፉ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

አልጋ ላይ አድርጎ ፊልም ማየት። ብርድ ልብሱ የታችኛውን አየር ማስገቢያ ይዘጋል፤ ጠረጴዛ ወይም ሰፋ ያለ ትሪ ይሻላል።

ረከቦት አጠገብ ማስቀመጥ። ቡና ከፈሰሰበት ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ክፍቱን ደፍታችሁ አንጠፍጥፉት። "ይሠራ እንደሆነ ልየው" ብሎ ማብራት ነው የሚገድለው። ስኳር ከነበረበት ኪቦርዱ መጽዳት አለበት።

ፍላሽን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቶ መልሶ ላፕቶፑ ላይ መሰካት። ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሚንት ላይ ከሰካችሁት የዊንዶውሱ ቫይረስ አይሠራም፣ ፋይሎቹንም ታዩአቸዋላችሁ።

ድምፁ ብቻውን ከፍ ዝቅ ካለ ከኪቦርዱ በላይ ያለው የንክኪ መስመር እርጥበት ይዟል። አጥፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ሪሞቱ ጠፋ የሚሉም አሉ። በአንዳንድ ሞዴል ጎኑ ላይ ካርድ ማስገቢያ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል፤ ጫን ስትሉት ብቅ ይላል።

ስክሪኑ ላይ ገና የአምራቹ ዓርማ ሲወጣ ጀምሮ ቀለማም መስመሮች ካሉ መጀመሪያ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ እዩ። ቲቪው ንጹህ ከሆነ ችግሩ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ነው፣ ይቀየራል። ቲቪው ላይም መስመሩ ካለ የግራፊክስ ቺፑ ነው። ቺፑን በሙቅ አየር "አነሳዋለሁ" ለሚል ሰው አትክፈሉ፤ ቢነሳም ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወድቃል። ይልቅ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ በዩኤስቢ መያዣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ራሙን፣ ቻርጀሩንና የዲቪዲ ማስገቢያውን ተመሳሳይ ሞዴል ላለው ሰው ሽጡለት።